ህድሞን የሚጥለው ጣሪያው ነው

በ1906 እ.ኤ.አ. አክሱም የገባው የጀርመን የጥናት ቡድን ሐውልት ለክቶና መቃብር ነድፎ ብቻ አልተመለሰም። በኤኖ ሊትማን ይመራ ከነበረው ከዚህ ቡድን ጋር የመጣው አርክቴክት ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሰው መኖሪያ ቤቶችንም በንድፍና በፎቶግራፍ መዝግቧል። ሥራው በ1913 ሲታተም ከጥራዞቹ አንዱ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመኖሪያ ቤቶች ተሰጠ። የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ፍለጋ የመጣ ሰው ለገበሬ ቤት ይህን ያህል ቀለም ማፍሰሱ አይገርምም። መሬት ውስጥ የተቀበረው የአክሱም ግድግዳም፣ ከደጅ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ግድግዳም ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። ያለ ኖራና ያለ ሲሚንቶ።

ቤቱ ህድሞ ይባላል። የትግራይና የኤርትራ ደጋ ቤት ነው። ድንጋዩ ከዚያው ከአካባቢው ስለሚወጣ መልኩ እንደ አገሩ ይለያያል፤ ገርዓልታ ላይ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ፣ መቀሌ ዙሪያ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሐሩር ወደ ውስጥ አያሳልፍም፣ የሌሊቱን ብርድም ያዘገያል። ከፊት በምሰሶ የቆመው ገበላ ነው፤ ቀጥሎ ምድሪ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ጓዳው። ከጭቃ የተሠራው መደብ መቀመጫም መኝታም ይሆናል፤ እህል የሞላው ጎታ በተራው ክፍል ከክፍል ይለያል። የቤት ዕቃው ራሱ ከቤቱ ጋር የተገነባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የህድሞ ዋናው ጥበብ ግን ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የጥድ ወይም የወይራ ወጋግራ ይጋደማል፤ በወጋግራው ላይ ቀጫጭን እንጨት ተጠጋግቶ ይረበረባል፤ ከዚያ ቅጠልና ጭራሮ፣ በመጨረሻ አፈር። አፈሩ ይረገጣል፣ ይደቀደቃል፣ ክረምት ሳይገባ ስንጥቁ እየታየ ይደፈናል። ጠርዙ ላይ ወጣ ብለው የተደረደሩት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጌጥ አይደሉም፤ ውሃው ግድግዳውን ሳይነካ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ሒሳቡን መሥራት ቀላል ነው። ሃያ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተደቀደቀ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ዝናብ ከጠጣ ደግሞ ይብሳል። በመካከሉ ምሰሶ የበዛው፣ እንጨቱም ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው። በአንጻሩ የቆርቆሮ ክዳን በካሬ ሜትር አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ስለ እንጨት ከተነሣ፣ ደብረ ዳሞ ተራራ ላይ ያለው የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ሊጠቀስ ይገባዋል። ግድግዳው በድንጋይና በአግድም እንጨት እየተፈራረቀ ይወጣል፤ እንጨቶቹን የሚያስሩት ተሻጋሪ ግንዶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ስለሚወጣ የዝንጀሮ ራስ ተባሉ። እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲጠግነው አሠራሩን በዝርዝር ለማየት ዕድል አገኘ። ይህ ግንብ ገዳም ስለሆነ ጠጋኝ መጣለት። ተራራው ግርጌ ላለው ህድሞ ከባለቤቱ በቀር ማን ይመጣለታል?

ባለቤቱ ደግሞ እንጨት የለውም። ጥድና ወይራ ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ ደኑም አልቆ የተረፈው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ምስጥ ይደፍረዋል፤ ያንን ሁሉ አፈር ለትውልድ ይሸከማል ብሎ የሚያምን ግንበኛ የለም። ስለዚህ ጣሪያው ሲዘም ገበሬው አፈሩን አውርዶ ቆርቆሮ ይመታል። በዚህ እሱን መውቀስ ከተማ ተቀምጦ ስለ ውበት የሚያወራ ሰው ድፍረት ነው፤ በየክረምቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አፈር መደቅደቁ ለማንም አይናፈቅም። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። በጭቃ የተያያዘው ድንጋይ ለጥንካሬ ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰን ግድግዳው መተንፈስ ያቅተዋል፤ እርጥበቱ ታፍኖ ጭቃውን ከውስጥ ያላሽቀዋል። ቤቱን በገንዘብ ማፍረስ ማለት ይህ ነው።

ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፣ ጥገናውም በቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲሆን ያዝዛል። ለገዳምና ለቤተ መንግሥት ይህ ተገቢ ነው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ስንጥቅ መድፈን ላለበት ገበሬ ግን ፈቃድ ጠብቅ ማለት ቤቱ ይፍረስ ከማለት ብዙም አይለይም። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በነበረው የትግራይ ጦርነት ስለተጎዱ ቅርሶች ሲነሣም የአል ነጃሺ መስጊድና የገዳማቱ ስም ይጠራል፤ ህድሞ የሚገባው ቢበዛ በፈረሱ ቤቶች ቁጥር ውስጥ ነው።

ባለቤቱን አስወጥቶ ቤቱን መጠበቅም አያዋጣም። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ የላስታ ቤቶች አሉት። ነዋሪው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሲባል ከዙሪያው ሲነሣ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ባዶ ቤት ደግሞ ምድጃ የለውም። ወጋግራውን በጥቀርሻ ለብጦ ነቀዝን የሚያርቀው ጭስ ነውና፣ እሳት ያልነደደበት ጣሪያ ሰው ካለበት ቀድሞ ይበሰብሳል።

ታዲያ ከአፈሩ ሥር ፕላስቲክ ቢነጠፍስ? ንጹሕ ጥንታዊነት የሚሹ ባለሙያዎች ይቆጣሉ። ይቆጡ። ፕላስቲኩ አይታይም፣ ሲያስፈልግ ይነሣል፣ ወጋግራውንም ከዝናብ ይጠብቃል። ከዚያ የሚቀረው እንጨቱ ነው፤ በክልክል ተራሮች ላይ ጥድና ወይራ ሲተከል የተወሰነው ለወጋግራ ተብሎ ቢመደብና የድንጋይና የጭቃ ሥራ የሚያውቁ አረጋውያን ግንበኞች ወጣት አጠገባቸው ቆሞ እንዲማር ቢከፈላቸው፣ ወጪው አንድ ሐውልት ከማደስ የሚበልጥ አይመስልም።