ዱላዋን ይዛ የመጣች እንግዳ

ልጅ ሆኜ ገና በደረሰ ቁጥር እናደድ ነበር። ወንድሞቼ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላቸውን ይዘው፣ አባዬ የጠረበላቸውን እሩር እየለጉ ሜዳ ሲወርዱ እኔ ቡና ለመቁላት ቤት እቀራለሁ። “እኔስ?” ስል እማዬ “አንቺ ሴት አይደለሽ እንዴ! ቁርጭምጭሚትሽን ቢሉሽስ?” ትለኛለች።

ይህን ያስታወሰኝ የክፍል ሥራ ነው። “አንድ ስፖርት ወደ ሌላ አገር እንዴት እንደተሻገረ ጻፉ” ተባልን። ጓደኞቼ ኳስ ላይ ሲረባረቡ እኔ ገናችንን ስለሚመስል የሜዳ ሆኪን መረጥኩ። ኮንስታንስ አፕልቢን ያገኘኋት ያኔ ነው።

አፕልቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደች። በልጅነቷ ጤና ስላልነበራት የተማረችው ቤት ውስጥ ነው። በ1901፣ በ28 ዓመቷ፣ ለክረምት ትምህርት አሜሪካ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። እዚያ ለሴቶች “ስፖርት” የሚባለው ቀላል የግብዣ ጨዋታ መሆኑን ስትሰማ “ይሄን እኛ ድግስ ላይ ነው የምንጫወተው፤ ለስፖርትማ ሆኪ አለን” ማለቷ ይተረካል። ከዚያም በተገኘው ዱላ ጂምናዚየሙ አጠገብ አጫውታ አሳየች። ወዲያው ቫሳር ኮሌጅ ጠራት፤ ስሚዝና ዌልስሊን የመሳሰሉት የሴቶች ኮሌጆችም ተከተሉ። ከ1904 ጀምሮ ብሪን ማር ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ሠራች። በ1922 የአሜሪካ የሴቶች ሆኪ ማኅበር ሲቋቋም እጇ ነበረበት። የሆኪ ካምፕ ከፍታ አሠልጥናለች፤ የሴቶች ስፖርት መጽሔትም አሳትማለች። የሴቶች ሆኪ ኦሎምፒክ የገባው በ1980 ሞስኮ ላይ ነው፤ የእኛው ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ያገኘበት ማለት ነው። አፕልቢ በሕይወት ነበረች። ያረፈችው በ1981፣ በ107 ዓመቷ ነው።

እኔም ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ሴቶቹን ሰብስቤ ገና ማጫወት ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን 12 መጡ። በማግስቱ አንድ አባት መጥተው “ልጄን ልታስፈነክቻት ነው ወይ?” ብለው ተቆጡ። አልፈረድኩባቸውም፤ የእማዬ ፍርሃት ነው። ከዚያ ወዲያ የመጡት 7 ብቻ ነበሩ። ያኔ የጥንቱን የሆኪ ሕግ ተዋስኩ፦ ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሳም። ልምምዴ እስኪያልቅ አንድም ልጅ አልተጎዳችም። እንዲያውም ከቀሩት ሁለቱ ተመለሱ።

ታዲያ ልምምዴ ሲያልቅ ዱላዎቹን ትቼላቸው መጣሁ። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ስህተቴ የገባኝ። አፕልቢ ትታ የሄደችው ዱላ ብቻ አልነበረም፤ አስተማሪዎችን አሠልጥናለች፣ ማኅበር እንዲቆም አግዛለች። እኔ ግን 9 ልጆችና 9 ዱላ ነው የተውኩት፤ ከእኔ በኋላ ማን ያጫውታቸዋል ብዬ አላሰብኩም።

ለሚቀጥለው ገና እዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የማነጋግረው ግን ልጆቹን ሳይሆን የስፖርት መምህራቸውን ነው። ከዚያ ደግሞ እኚያን አባት።