ይብላኝ ለቀረው
አርባ ምንጭ ላይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ በዛወርቅ አስፋው ትዝታን ስታንቆረቁረው የሰማ ሰው፣ መውረጃው ቢደርስም መውረድ ይከብደዋል። ትዝታ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ድምፆቹ አምስት ብቻ። አንጀት የሚበላው ግን፣ ለእኔ፣ ስለ አጭር ፍቅር ሲዘፈንበት ነው።

አርባ ምንጭ እንግዳ አታጣም፤ ለትምህርት የመጣ፣ ለመስክ ሥራ የመጣ፣ አዞ ለማየት የመጣ። ሁለት ሰዎች ከሴቻ ከፍታ ቁልቁል እያዩ፣ ደፍረስ ያለው አባያ፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመሃል የእግዜር ድልድይ ሲባባሉ ይመሻል። በማግስቱ አንዳቸው አውቶቡስ ይሳፈራል። ለመጣላትም ለመሰላቸትም ጊዜ ያልነበረው ፍቅር ቂም የለውም፤ ዘፈኑ ሲመጣ እንዳማረበት ይመለሳል።

ይብላኝ ለቀረው! የሄደውን አዲስ አገር ያዘናጋዋል፤ የቀረው ግን ሁለቱን ሐይቆች በየቀኑ ያያል።