ዝም ማሰኘት ማዳን አይደለም

በነርስነት ዘመኔ ትኩሳት ራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት መሆኑን ደጋግሜ አስረድቻለሁ። የመኪና ጩኸትም እንደዚያው ነው።

ሰሞኑን አሮጌዋ መኪናችን ጠዋት ስትነሳ «ሲጥ» ማለት ጀመረች። የፊት መብራት ሲበራ ጩኸቱ ይብሳል፤ መብራቱም ይፈዛል። አንዱ «ቺንጋውን ሳሙና ቀቡት» አለን፤ ሌላው «ባትሪ ግዙ»። አስም ያለባት የልጅ ልጅ ላለችበት ቤት ሌሊት የማትነሳ መኪና አደጋ ናት። የጡረታ ገንዘብም ለግምት አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ ይለካ አልኩ።

ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ያዘ፤ ጤነኛ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ቮልት መውጣት ሲገባው ግን 12.3 ላይ ቀረ። ቺንጋው ላልቶ፣ ተሰነጣጥቆም ነበር። ሲቀየር ጩኸቱ ጠፋ፤ ቮልቱ ግን ብዙም አልጨመረም። ዲናሞው ሲፈታ ካርቦኑ አልቆ ተገኘ። እሱ ሲተካ 14.1 አሳየ።

ሁለት በሽታ፣ አንድ ጩኸት። ቺንጋው እንደተቀየረ «ድና ሄደች» ብንል ኖሮ ባትሪው ቀስ በቀስ ይራቆት ነበር። እናንተም መኪናችሁ ስትጮህ ከመግዛታችሁ በፊት አስለኩ፤ ከተጠገነች በኋላም ድጋሚ አስለኩ።