በሩ ገርበብ ያለው ቤት

ባለፈው ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ እሑድ ከትምህርት በኋላ፣ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪዬ ወረቀት ጠቅልላ ይዛ መጣች። “ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይህ፤ ግን እንዳትቆጣኝ” አለችኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ አለመቆጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ጠባብና ረጅም አሮጌ ቤት ነው። ከኋላው ሰማዩ ብርቱካናማ ነው። ከመስኮቶቹ ሁሉ አንዱ ብቻ በርቷል። በሩ ገርበብ ብሏል። ደም የለም፣ አጽም የለም፣ ጭራቅ የለም። ከታች ቀኑ፣ ሰዓቱና የመግቢያው ዋጋ፣ ትንንሽ ልጆችም እንዳይገቡ የሚያሳስብ መስመር ተጽፏል። የሆንትድ ሀውስ ፖስተር ነበር።

ከአሜሪካ ውጭ ለምታነቡ ወጣቶች ላስረዳ። በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ፣ ሃሎዊን ሲቃረብ፣ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ሊደነግጡ የሚገቡበት ጨለማ ቤት ይዘጋጃል። ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ከየጥጉ ዘለው ይወጣሉ፤ እንግዳው ይጮኻል፤ ከዚያ በሌላኛው በር እየሳቀ ይወጣል። የተማሪዬን ፖስተር ያሠሩት እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ የሚገኙ የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ከትኬቱ የሚገኘው ገንዘብ ለመሣሪያ መግዣ ይውላል። የትምህርት ቤቷ የሥዕል መምህርት ናት ያገናኘቻቸው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አልጠየቅሁም። “እሑድ እሑድ ለሕፃናቱ ኖኅንና መርከቡን የምትስዪው በዚሁ እጅሽ ነው?” አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ወረቀቱን ቀስ ብላ ጠቀለለችና ከኋላዬ ወዳለው ግድግዳ አመለከተች። “ያኛውስ?” አለች።

ያኛው የፀደዩ የወጣቶች ኮንፈረንሳችን ፖስተር ነበር። የሠራሁት ራሴ ነኝ። የሚንቦገቦግ እሳት፣ ከገደል ጫፍ የቆመ ወጣት፣ ከላዩም ዛሬ ማታ ብትሞት ወዴት እንደምትሄድ የሚጠይቅ ቀይ ጽሑፍ አለበት።

“የእኔ እኮ ጨዋታ መሆኑን ይናገራል፤ ዋጋውንም ጽፏል” አለችኝ። ወጥታ ሄደች። ሁለት እሑድ አልመጣችም።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርሁ። በ1969 በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ ሆንትድ ማንሽን የተባለው ቤት ተከፈተ። በ1970ዎቹ ደግሞ ጄይሲስ የሚባለው የወጣቶች ማኅበር በየከተማው እንዲህ ያለ ቤት እያዘጋጀ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1972 በቨርጂኒያ፣ በሊንችበርግ ከተማ፣ በፓስተር ጄሪ ፎልዌል አገልግሎት ሥር ስኬርሜር የተባለ አስፈሪ ቤት ተጀመረ። እንግዶቹ የሞትን ትዕይንቶች አልፈው መጨረሻ ላይ ወንጌል ይሰማሉ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም በቴክሳስ፣ በሲዳር ሂል፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሄል ሃውስ የሚባለውን አሳየች፤ በ2001 ዘጋቢ ፊልም እስኪሠራበት ድረስ የታወቀ ሆነ። ስለዚህ እኛ ምእመናን ከዚህ ቤት ውጭ ቆመን የምናይ ብቻ አይደለንም። በፍርሃት ሰውን መጥራት የእኛም እጅ ያለበት ሥራ ነው።

በዚያ ቤት የሰሙት ወንጌል ሕይወታቸውን የለወጠላቸው ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ጌታ በብዙ መንገድ ይሠራል። እኔ ግን የራሴን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ፣ ሲመሽ ከጨዋታ የሚያስገባኝ አያ ጅቦ ነበር። “አያ ጅቦ መጣልህ!” ሲባል እየሮጥሁ እገባለሁ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አያ ጅቦ እንደማይመጣ ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እናቴ ስትጠራኝ አልሰማም አልሁ። ጅቡን ማመን ሳቆም መታዘዙም አብሮ ቀረ። ያን ፖስተር አይተው ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ በመጨረሻው ምሽት እያለቀሱ ወደ ፊት ወጥተዋል። በበጋው ግን ከእነርሱ ምን ያህሉን እንዳየሁ ስቆጥር አፈርሁ።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ፍርድ ጨዋታ ነው አላልኩም። ጌታ ራሱ ስለ ፍርድ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ያስጠነቀቀው አብሯቸው በማዕድ የተቀመጣቸውን ሰዎች ነው፤ ኢየሩሳሌምንም ባያት ጊዜ አልቅሶላታል። እኔ ከፖስተሩ በኋላ ለማን አለቀስሁ? ከማን ጋር እንጀራ ቆረስሁ? በማቴዎስ ምዕራፍ 14 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው ምትሐት መሰላቸውና ጮኹ። ፍርሃታቸውን ሊጠቀምበት ይችል ነበር። እርሱ ግን ወዲያው ማንነቱን ነገራቸው፤ እንዳይፈሩም አጽናናቸው።

በሦስተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ሄድሁ። እናቷ ቡና አፈሉ። እርሳቸውም ነገሩ ከንክኗቸው ኖሯል፤ “የሰይጣን ቤት ነው ይሉኛል፤ አንተ ምን ትላለህ?” አሉኝ። “እኔ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው” አልኳቸው። ከዚያ ልጅቷን መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት፤ “ሥዕሉን አስረጂኝ።”

አስረዳችኝ። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በበራው መስኮት ላይ ነው፤ ከዚያ በደረጃው ወርዶ በሩ ጋ ይደርሳል። በሩ ሙሉ ቢከፈት ውስጡ ይታያል፤ ቢዘጋ ደግሞ ተመልካቹ ይመለሳል። ስለዚህ ገርበብ አደረገችው። “ጭራቁን ለምን አልሳልሽውም?” ስላት፣ “የሚፈራውን ነገር ሁሉም ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ምን ልጨምርበት?” አለችኝ።

ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እኔ የማስተምራችሁ ወጣቶች እሑድ ጠዋት ስትመጡ የምትፈሩትን ይዛችሁ ነው የምትመጡት። አንዱ የአባቱን ወረቀት ጉዳይ፣ አንዷ የኮሌጅ ክፍያ፣ ሌላው ለማንም ያልነገረውን ኃጢአት ይዞ ይመጣል። እኔ ግን በዚያ ላይ እሳት ስልባችሁ ነበር።

ሆንትድ ሀውስ ልሂድ ወይስ አልሂድ ለምትሉኝ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ እንቅልፍ የሚነሳችሁን ነገርም በገንዘባችሁ አትግዙ። እኔ አልሄድሁም። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ግን ጣቢያቸው ድረስ ሄጄ ሰላም ብያቸዋለሁ፤ ፖስተሩ መግቢያው ላይ ተለጥፏል፣ ያምራል።

የእኔን አውርጄዋለሁ። ግድግዳው ላይ አራት የፕላስተር ምልክት ቀርቷል። የሚቀጥለውን የኮንፈረንስ ፖስተር ተማሪዬ እንድትሠራው ጠይቄያት፣ “ምን ልሳል?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። “አብረን እናስብ” ብያት በየእሑዱ እያሰብን ነው።

እናንተስ? ወደ ጌታ ቤት የጠራችሁ ምን ነበር? ዛሬስ በዚያ ያቆያችሁ ምንድን ነው? ሁለቱን መልሶች ጻፉና ለአንድ ወዳጃችሁ አሳዩት። ተባረኩ።