ያ ቅባት

ኅዳር 8 ቀን 2012፣ ሰኞ። አቀስታ

ውርጭ። ባልዲው ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮ አደረ፤ በጣሳ ሰብሬ ታጠብኩ። የሚያቃጥለኝ ስታጠብ ሳይሆን ፊቴ ሲደርቅ ነው። የፊቴን ቅባት ከተውኩ ሦስተኛ ቀኔ። ትናንት ማታ አገጬ ላይ ሁለት ብጉር ነበሩ፤ ዛሬ ጠዋት መቁጠር ተውኩ።

ማታ ቀባሁት። ለአንድ ሌሊት ብቻ።

ኅዳር 9

ጠፋ። ጠዋት ፊቴ እንደ ሕፃን ፊት። ለምን እንደምተወው ራሴም አላውቅም።

ኅዳር 21

አከራዬ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። የኩበቱ ጭስ ዓይን ያስለቅሳል። «ልጄ፣ ፊትሽ ጠራሳ፣ ማሻአላህ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ስኒ በዚያው ደስታ ጠጣሁ።

ግን ግራ ጉንጬ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ነጣ ብላለች። መስታወቴ ትንሽ፣ መስኮቴም ትንሽ። የብርሃኑ ነገር ይሆናል።

ታኅሣሥ 6

ሁለተኛውም ቅባት አለቀ። የመጀመሪያው ሁለት ወር ነበር የቆየልኝ፤ ይኼኛው ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ገበያ ወጣሁ። ሻጩ ልጅ ሸራ ዘርግቶ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የፀጉር ቅባት ደርድሯል፤ የእኔም ከመሃላቸው አለ። «ቲቸር፣ ደንበኛችን!» አለኝ። ሁለት ገዛሁ።

ታኅሣሥ 17

ነፋስ፤ የክፍሉ መስኮት ሲንገጫገጭ ዋለ። ከክፍለ ጊዜው በኋላ አንዷ ተማሪ ቀረች። 11ኛ ክፍል ናት፤ ከገጠር ቤት ተከራይተው ከሚማሩት። ግንባሯ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ፣ ነጭ ነጥብ፣ መግል የቋጠረም አለ። ቅቤው ከፀጉሯ ወርዶ ግንባሯ ያብረቀርቃል። ቆማ ጣቷን ስታፍተለትል ቆየችና፣ «ቲቸር፣ የእርስዎ ፊት በምን ጠራ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አዲሱን አይደለም፤ የተጀመረውን። ይኼን ለምን እንደምጽፈው እንጃ።

ታኅሣሥ 28፣ ገና። መካነ ሰላም

ቅባቱን አቀስታ ረስቼው መጣሁ። ዛሬ አራተኛ ቀን።

እናቴ ገና ከበር ስታየኝ «ምች ነው» አለች። በልቼ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ነው እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ አሽታ፣ በነጠላ ጨምቃ ቀባችኝ። የተረፈውን ቡና ውስጥ ጠብ አድርጋ አጠጣችኝ። ፊቴን አቃጠለኝ፣ ሽታው ግን አስተኛኝ። አጎቴ ደግሞ ከጠላው ቀና ብሎ፣ «ብጉር ነው፣ ስታገባ ይጠፋል።»

28 ዓመቴ ነው። ለብጉሩም ለባሉም ዘገየሁ።

ታኅሣሥ 30

አብጧል። ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ወርዶ አገጬን ዞሮታል። እህል እህል የሚያካክል፣ ሁሉም እኩል። የከንፈሬን ጠርዝ ተከትሎ አንድ ቀጭን ቀለበት ብቻ ንጹሕ ቀርቷል፤ በእርሳስ ተሰምሮ የተተወ ይመስል። የሚያሳክክ አይደለም፣ የሚለበልብ ነው። የእንጀራው ወጥ ሲነካኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ጥር 4

አቀስታ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነው አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጥኩት። ብርድ ነው ብለው ያስቡ። ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ቀባሁ።

ጥር 7

ሦስት ሌሊት ቀብቼ ግማሹ እንኳ አልጠፋም። ድሮ በአንድ ሌሊት ነበር።

የኬሚስትሪ መምህራችን የቅባቱን ጽሑፍ በስልኩ አጉልቶ አነበበልኝ፤ ክሎቤታሶል፣ 0.05 በመቶ። ኢምንት ነገር። ልቤ ተረጋጋ።

ጥር 9

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። «አለርት ሆስፒታል ነይ» ይላል። ሰፈሩን እስካሁን ዘነበወርቅ ነው የሚለው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ለአንድ ፊት አዲስ አበባ ድረስ!

አከራዬ ሰሙ። «ቦሩ ሜዳ እኮ ቅርብ ነው» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለምን ዝቅ እንዳደረጉ ገብቶኛል። ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ አለርትም በ1958 ሲቋቋም ለዚያው ነው። ዛሬ ችፌውም፣ ጭርቱም፣ ብጉሩም እዚያ ይታያል። ቢሆንም «ቦሩ ሜዳ ሄደች» የሚለው ወሬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይመለሳል። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ደግሞ የጉንጬን ነጣ ያለ ቦታ ሲያዩ ዝም ያሉት።

ሌሊት በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረግኩት። ይሰማኛል መሰለኝ። ደግሜ ነካሁት።

ጥር 14። ደሴ

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ ሹፌሩ በመብራት፣ በጡሩንባ። ባና የለበሱ እረኞች ከጉሙ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ደሴ ስደርስ ፀሐይ። ዘመድ ቤት አደርኩ፤ ለስብሰባ ነው የመጣሁት አልኳቸው።

ጥር 15

ቦሩ ሜዳ። ሜዳው እውነትም ሜዳ ነው። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው። ስንት ጭንቅ አይቷል፤ የእኔም ይጨመር።

ሐኪሟ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። መጀመሪያ ያየችው ፊቴን አልነበረም፤ ጀርባዬን፣ ደረቴን፣ የራስ ቅሌን ነው። ከዚያ መስኮቱ ጋ አቁማ ፊቴን። «ጥቁር ነጥብ የለም» አለች ለራሷ። ብጉር ቢሆን የተደፈነ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ጥቁር ወይም ነጭ ነጥብ። ግንባርም፣ ደረትም፣ ጀርባም ላይ ይወጣል። ፎረፎር የሚያመጣው ዓይነት ቢሆን ቅንድብና የአፍንጫ ጥግ ላይ ወዛም ቅርፊት ይታያል። አዲስ ሳሙና ወይም ሽቶ ያስቆጣው ቢሆን ከመቃጠል ይልቅ ማሳከኩ ይብሳል፤ ውሃም ሊቋጥር ይችላል። የእኔ የአፍ ዙሪያ ነው። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ፔሪኦራል ደርማታይተስ።

«ምን ስትቀቢ ነበር?»

አወጣሁት። አገላብጣ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«ፊት ላይ?»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ፣ «ቁጥሩ አያታልሽ። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ነው፣ ይኼ 0.05። ይኼኛው ግን ብዙ መቶ እጥፍ ይበረታል።» ለመዳፍ፣ ለተረከዝ፣ ለወፈረ ቆዳ የሚታዘዝ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከሁለት ሳምንት ማለፍ የለበትም። ፊት ላይ ቁጣውን ያስተኛዋል እንጂ አያድነውም፤ ስተወው ይነሣል፤ ሲነሣ እንደገና እቀባለሁ። የአራት ወር ኑሮዬን በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ።» ጥጥ ነበር። ጉንጬ ላይ፣ ነጣ ያለው ቦታ ላይ፣ ጆሮዬ ሥር። ሥጋ ደዌ ቢሆን ስሜቱ ይደነዝዛል። ሁሉንም አሳየኋት። ስንት ጊዜ እንደነካችኝ አላውቅም፤ እኔ ግን ከእጇ ቀድሜ የማሳይ ይመስለኝ ነበር። «ቅባቱ ነው ያነጣሽ። ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ወራት ይወስዳል።» ዓይኔን ወዲያው አልገለጥኩም።

ያዘዘችው፤ ቅባቱ ይቁም። ሌላ ቅባትም፣ ቫዝሊንም፣ ሽቶ ያለው ሳሙናም፣ ዳማከሴም ይቁም። ለብ ባለ ውሃ ብቻ። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ 8 ሳምንት። እርግዝና መኖሩን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ካለ ይኼ ኪኒን አይሆንም።

በር ላይ ስደርስ ጠራችኝ። «መጀመሪያ ይብሳል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እንዳትቀቢ።»

ጥር 19

ባሰ።

ጥር 22

ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬን ሰጥቼ ብውል ተመኘሁ። የቆዳን ክፍሎች እያስተማርኩ ነበር፣ እንደ ቀልድ። መጽሐፉ ቆዳ ሲቆጣ «ይቀላል» ይላል። የእኔ መች ቀላ? ጠየም ብሎ፣ ተወጥሮ፣ ያብረቀርቃል። ሥዕሎቹ ሁሉ የነጭ ፊት ናቸው።

ቀሪዋ ቅባት ሻንጣዬ ውስጥ አለች። ያልጣልኳት ለማስረጃ ነው ብያለሁ።

ጥር 24

ሌሊት ተነሥቼ ሻንጣውን ከፈትኩ። ክዳኗን ፈታሁ። ከዚያ ወጥቼ ሽንት ቤት ጣልኳት። ውጭው ብርድ፣ ጨረቃዋ ቁልጭ ያለች። ጀግንነት አልነበረም፤ ትንሽ ቆይቼ ቢሆን እቀባ ነበር።

የካቲት 1

ኪኒኑን በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጬ ተኛሁ። ሌሊት ደረቴ መሃል ፍም የተቀመጠ መሰለኝ። ለካ በብዙ ውሃ ተውጦ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ተብሎ ነው። ነግራኝ ነበር። እኔ እኮ አስተማሪ ነኝ።

አከራዬ በር አንኳኩተው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል» አሉኝ። ሲነጋ ዱዓ እንዳደረጉልኝ ነገሩኝ።

የካቲት 6

የአቀስታ ፀሐይ አያሞቅም፣ ያቃጥላል። ከፍታው ነው፤ ኪኒኑም ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። ጃንጥላ ይዤ እሄዳለሁ። በበጋ! ልጆቹ «ቲቸር፣ ዝናብ መጣ?» ይሉኛል።

የካቲት 10

አዲስ አልወጣም። ወይስ አላየሁም? መስታወቱን ትናንት ነው ወደ ግድግዳ ያዞርኩት።

የካቲት 11

አዲስ የለም። በሰው መስታወት አየሁ።

የካቲት 13

ዛሬ ቅባቱን የሰጠኋትን ልጅ አስተዋልኳት። በየቀኑ አያታለሁ፤ ሳላያት ነው የከረምኩት። ፊቷ ቀልቷል ማለት አይቻልም፤ ዳማ ቆዳዋ ጉንጯ ላይ ስስ ሆኗል፣ የደም ሥሯ ሊታይ ምንም አልቀረው። ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥቦቹ እንዳሉ ናቸው፤ በላያቸው ደግሞ አዲስ፣ እኩል እኩል፣ ደቃቅ። ይኼን ዓይነት አውቀዋለሁ።

የእኔ ሳያልቅ አልቀረም። ከየት አገኘች?

የካቲት 14

ጠየቅኳት። ከገበያ። ከቤት ለጋዝ ከሚላክላት ብር።

«ተይው» አልኳት።

«ስተወው ይብሳል ቲቸር።»

ደወል ተደወለ። «ቢሆንም ተይው» ብዬ ገባሁ። ስንት ሳምንት እንደሚብስ አልነገርኳትም። ቅባቱን የሰጠኋት እኔ መሆኔ አፌን ያዘው መሰለኝ። ወይም ደወሉ ነው።

የካቲት 18

ጾሙ ገብቷል። ኪኒኑን ባዶ ሆዴን ስወስደው ያቅለሸልሸኛል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከሽሮው ጋር አደረግኩት። ፊቴ ረግቧል። ቆዳው ሻካራ፣ ጠባሳ የመሰለ ጥቁረት አለው። ማቃጠሉ ግን ሄዷል። ሲሄድ ቀኑን አላወቅኩትም።

የካቲት 23፣ ዐድዋ

ትምህርት የለም። ደሴ የሚመላለስ ሹፌር ልኬ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ አስመጣሁ። ለልጅቱ ነው። ፋርማሲስቱን በስልክ አስረዳሁት፤ እሱም አስረዳኝ። የአተር ፍሬ የምታክል፣ መጀመሪያ በየሁለት ሌሊቱ፤ ለውጡ እስኪታይ 6፣ 8 ሳምንት። ነጠላና ትራስ ያነጣል፣ ትጠንቀቅ። ቅባቱን ካቆመች በኋላ፣ ፊቷ ሲረጋጋ እንጂ አሁኑኑ አይደለም፤ የቆሰለ ላይ ያቃጥላል። ብትታከም ይሻላል አለ። ይሻላል። ማን ይወስዳታል? ስለ ቅቤው ደግሞ ምን ልበላት? ተይው አይባልም፤ እናቷ ናት የምትቀባት። ከግንባርሽ ወደ ኋላ መልሺው፣ ማታ በሻሽ እሰሪው ማለት ይቻላል።

ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፍኩት። መጀመሪያው መስመር ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ተማሪ ላይ መጫን መሰለኝ። እንደገና ጻፍኩት።

የካቲት 30

ሦስት ቀን ቀረች። ጓደኞቿ «አሟታል» ይላሉ። ምን እንደሆነ አይናገሩም፤ እርስ በርስ ይተያያሉ።

መጋቢት 2

መጣች። አፏን በሻርፕ ሸፍና የኋላ ወንበር ላይ። ስወጣ ቀድማኝ ጠፋች። አቁማው ነበር ማለት ነው። ቃሌን ሰምታ።

መጋቢት 4፣ አርብ

ወረቀቱንና መድኃኒቱን በፌስታል ይዤ ነበር፤ አልመጣችም። ሬዲዮው አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ ይላል። በአስተማሪዎች ክፍል ሌላ ወሬ አልነበረም።

መጋቢት 7

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለሁለት ሳምንት ነው አሉ። ተማሪው ስንቅ ማመላለሻውን ተሸክሞ በየመንገዱ ይጎርፋል።

ሰው ፊቱን መሸፈን ጀምሯል፤ በነጠላ፣ በሻሽ። እኔ ዛሬ ተገልጬ ገበያ ዞርኩ። ማንም አላየኝም።

መጋቢት 9

የልጅቱን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። ከጤፍ ወፍጮው ጀርባ፣ አምስት ሆነው የሚኖሩባት አንዲት ክፍል። ቁልፍ። የጎረቤት ልጅ፣ «ሁሉም አገራቸው ገቡ» አለችኝ። የእሷ አገር በእግር ግማሽ ቀን ነው። ስልክ የላትም፤ የወንድሟ አለ፣ ቁጥሩን ግን ማንም አያውቀውም።

«ፊቷ ተሽሏት ነበር?» አልኳት።

«አዎ፣ የሄደች ቀን ጠርቶላት ነበር።»

በአንድ ሌሊት ማለት ነው።

ፌስታሉን ይዤ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። 2 ኪኒን ቀርቶኛል።