መጋረጃ የሚሰቀለው ለማን ነው?

መጋረጃ በአገራችን የክብር ዕቃ ነው። በቤተ ክርስቲያን መቅደሱን የሚጋርደው እርሱ ነው፤ በቀድሞ ዘመን ነገሥታትም በመጋረጃ ተሰውረው ይቀመጡ ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጋረጃ ውስጥ ሆነው እንዳነጋገሯቸው ጽፏል። ዛሬም ብዙ ቤተ ሰብ መጋረጃ ሲገዛ የሚያስበው ስለ እንግዳ ዓይን ነው፤ አበባው ያማረ፥ ርዝመቱ ወለል የሚደርስ እንዲሆን ይመኛል። ምስማሩ የት እንደሚመታ፥ ጨርቁ ከመስኮቱ ምን ያህል ማለፍ እንዳለበት፥ ፀሐይ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደምትገባ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ለጓደኞቼና ለወላጆች ለማቅረብ የተነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችን የመጋረጃውን ቦታ መምረጥ፥ አያቴ ከእኛ ጋራ ይቀመጡ ወይስ ወደ ጓዳ ይግቡ የሚለውን መምረጥ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

ቤታችን የሚገኘው ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ ባገኘችው በሐሙሲት ነው። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ቋሚ፥ ማገርና በጭድ የተቦካ ጭቃ ሲሆን፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። በትልቁ ክፍል ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ፊት ለፊት ያያል፤ ስለዚህ ወደ ምዕራብ ይከፈታል ማለት ነው። በመስኮቱ ቆመን ወደ ውጭ ስንመለከት ግራችን ደቡብ፥ ቀኛችን ሰሜን ይሆናል። በሰሜኑ ግድግዳ ሥር የጭቃ መደብ አለ፤ የአያቴ መቀመጫና መኝታ ይኸው ነው። በደቡብ በኩል፥ መስኮቱን ተጠግታ፥ እኔ የማጠናባት ጠረጴዛ ትገኛለች።

አያቴ በትራኮማ ተሠቃይተዋል። ይህ በሽታ በክልላችን እጅግ የተስፋፋ ሲሆን፥ በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሳል። በዕድሜ ብዛት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይንን ይፍቃል። አያቴ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ስለ ተደረገላቸው ፍቅፋቱ ቆሞላቸዋል፤ ነገር ግን በዓይናቸው ላይ የቀረው ጠባሳ አልጠፋም። ስለዚህ ብርሃን በቀጥታ ሲያርፍባቸው ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ ይጨፈናል። በሌላ በኩል እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ የማጠናው ከሰዓት በኋላ ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ መብራት መጥፋቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲህ በአንድ ክፍልና በአንድ መስኮት አንደኛው ሰው ብርሃን ይፈልጋል፤ ሌላው ከብርሃን ይሸሻል።

ነገሩን አስቀድመው የፈረዱት አያቴ ናቸው። «እኔን ወደ ጓዳ አስገቡኝና ለልጁ መስኮቱን ክፈቱለት። ያረጀ ዓይን ምን ያያል ብላችሁ ነው?» አሉ። እናቴ ግን «እምዬ፥ ጓዳው ጭስ ነው፤ እዚያ ገብተውማ የቀረው ዓይንም አይተርፍ» ብላ መለሰች። እኔም በሐሳቤ ሌላውን ነገር አየሁት። አያቴ መደባቸው ላይ ሆነው እንዝርታቸውን ያሾራሉ፤ በመንገዱ የሚያልፈውን ገበያተኛ በድምፁ ለይተው በስሙ ይጠሩታል፤ ሰላምታም ይለዋወጣሉ። ወደ ጓዳ መግባት ከብርሃን መራቅ ብቻ ሳይሆን ከሰው መራቅም ነበር።

ስለዚህ መጋረጃ እንዲሰቀል ሁላችንም ተስማማን፤ በአሰቃቀሉ ግን ተለያየን። እናቴ መስኮቱን በሙሉ የሚሸፍን አንድ ወፍራም ጨርቅ ፈለገች። አናጢው አጎቴ ደግሞ በመቃኑ መካከል ልክ ገብቶ የሚንጠለጠል ቢሆን ለዓይን ያምራል አለ። በባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶች እንዳየሁት፥ በገመድ ሲሳብ ብርሃኑን ወደ ጣራ የሚመልስ የሰሌዳ ድርድር ያለው መጋረጃም ታስቦ ነበር። ነገር ግን ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሲሆን፥ ክብደቱም ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማ አልነበረም። አባቴ «አስቀድሞ ፀሐይዋን እንወቃት» አሉ፤ ሥራውም ለእኔ ተሰጠ።

ጨርቁ እስኪገዛ ድረስ፥ ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ በዐሥር ሰዓት ተኩል ፀሐይዋ በክፍሉ ውስጥ የምታርፍበትን ቦታ በከሰል ምልክት አደረግሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ብርሃኑ መካከለኛው ወለል ላይ ነበር፤ በኅዳር ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በታኅሣሥ አያቴ የሚቀመጡበት ቦታ ደረሰ፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላም ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ምክንያቱ በጂኦግራፊ የተማርነው ነው። አገራችን ሐሙሲት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በትክክል በምዕራብ ሳይሆን ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው፤ ስለዚህ ጨረርዋ በመስኮታችን አግድም ገብቶ የሰሜኑን መደብ ያገኘዋል። በሰኔ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ጨረሩ ወደ ጠረጴዛዬ በኩል ይዞራል፤ ሆኖም ያን ጊዜ ክረምት ነውና ደመናው ያበርደዋል። በዚህም አያቴን የሚያስጨንቃቸው መስኮቱ በሙሉ እንዳልሆነ ተረዳን። በበጋው ወራት፥ ከዐሥር ሰዓት በኋላ፥ በመስኮቱ የቀኝ እኩሌታ የሚገባው ብርሃን ነበር። ጨርቁ አንድ ሳይሆን ሁለት ክንፍ መሆን እንዳለበት ከዚህ በኋላ የተከራከረ የለም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከመቃኑ ውስጥ ወይስ ከመቃኑ ውጭ የሚለው ነበር። ለፎገራ ሜዳ ቅርብ በመሆናችን ወባ ያሠጋናል፤ ስለዚህ መስኮቱ ላይ ትንኝ የሚከለክል የሽቦ ወንፊት በውጭ በኩል ተመትቶበታል። በዚህ ምክንያት የእንጨት መዝጊያዎቹ የሚከፈቱት ወደ ውስጥ ነው። መጋረጃው በመቃኑ መካከል ቢሰቀል መዝጊያው በተከፈተ ቍጥር ጨርቁን ይጐትተዋል። ከዚህም በላይ በመቃን ውስጥ የተሰቀለ ጨርቅ በዳርና በዳር የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተዋል። ይህ ለጤነኛ ዓይን ምንም አይደለም፤ ለታመመ ዓይን ግን በጨለማ መካከል እንደ ስለት የሚገባ አንድ መስመር ብርሃን ከተከፈተ መስኮት ይብሳል። ስለዚህ ከጉበኑ በላይ፥ ከመቃኑም ውጭ፥ በግድግዳው ላይ እንዲሆን ተወሰነ።

የጭቃ ግድግዳ ግን ምስማር አይይዝም፤ ጥቂት ቀን ታግሦ ከነጭቃው ይወድቃል። ጭነቱን የሚሸከመው ከጭቃው በስተኋላ ያለው ቋሚ ነው። አጎቴ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ቀስ እያለ መታው፤ ጭቃ ብቻ ባለበት ድምፁ ይታፈናል፤ ቋሚ ባለበት ይጠነክራል። በዚህ መንገድ ሦስት ቋሚዎች አገኘና 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ በረጃጅም ምስማር መታባቸው፤ የመጋረጃውን ዘንግ ያሰረው በጣውላው ላይ ነው። መስኮቱ 80 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ዘንጉ በግራና በቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተረፈ። ትርፉ ለጌጥ አይደለም፤ ክንፉ ሲከፈት ጨርቁ ተሰብስቦ በግድግዳው ላይ ያርፋልና ከብርሃኑ ምንም አይሰርቅም፤ ሲዘጋም ዳሩ ላይ ክፍተት አይተውም። የጣውላው ውፍረት ደግሞ ዘንጉን ከግድግዳው ስለሚያርቀው፥ የተከፈተው መዝጊያ ከጨርቁ በስተኋላ ተለጥፎ ይቆማል። ጨርቁም ሲዘጋ እንዳይወጠር በስፋት ከመስኮቱ እጥፍ እንዲሆን ተደረገ።

መጋረጃው በጥር መባቻ ተሰቀለ። ከዐሥር ሰዓት በኋላ የቀኙ ክንፍ ይዘጋል፥ የግራው ይከፈታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱም ይከፈታሉ። አያቴ እንደ ወትሮው መደባቸው ላይ ሆነው ይፈትላሉ፤ እኔም ሦስት ክንድ ያህል ርቄ ሒሳብ እሠራለሁ። አንዳንድ ቀን ክንፉን መዝጋት ብንረሳ «ልጄ፥ ፀሐይዋ መጣችብኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ውጭ ስለ ጓዳ የተነሣ ነገር የለም። እናቴም አበባ ያለበትን ጨርቅ አላጣችም፤ ይኸው በሁለት ክንፍ ተከፍሎ ተሰቅሎላታል።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሥራ የተማርሁት ለመስኮት ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። በአንድ ቤት የሁለት ሰው ፍላጎት ሲጋጭ አንደኛው እንዲሸነፍ መፍረድ ቀላል ነው፤ ይልቁንም ሽማግሌዎች ራሳቸው ለመሸነፍ ቀድመው ሲቀርቡ ዝም ብሎ መቀበል ይቀላል። ነገር ግን አስቀድሞ ነገሩን መመርመርና መለካት ይገባል፤ ጠቡ ሙሉ መስኮት የመሰለን በግማሹ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ወላጆችም መጋረጃ በሚገዙበት ጊዜ፥ ከእንግዳው ዓይን በፊት በዚያ መስኮት ሥር ቀኑን የሚውለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። የሚሰቀለው ለእርሱ ነውና።