ካምቢዮው ነው ወይስ ገመዱ?

በዚህ ዓምድ አዘውትራችሁ የምታነቡት ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ትዳር ነው። እኔም ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ትዳርና ስለ ጓዳ ነው፤ ጓዳው ግን ጎማ ያለው ነው።

የምንኖረው በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ ነው። በዚያ አገር «ሞተርሆም» የሚሉት መኪና አለ። በመኪና ሻንሲ ላይ አልጋው፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣውና መጸዳጃው ሳይቀር ተሟልቶ ቤት የተሠራበት ነው። እኔና ባለቤቴ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ገዛን። ሥሪቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1992 ፎርድ ኢ-350 ነበር። ምነው ይህን ያህል ያረጀ? ብትሉኝ፣ አዲሱ የቤት ዋጋ ነዋ!

የገዛነው ለእናቴ ሲባል ነው። እናቴ ከደሴ መጥተው ስድስት ወር ሊቆዩ እኛ ዘንድ ነበሩ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ላስ ቬጋስ ትኖራለች፤ ከእኛ እስከ እርሷ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እህቴ ኩላሊቷን ስለሚያማት በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በመሣሪያ ይታጠባል፤ ከቤቷ ርቃ መሄድ አትችልም። እናቴ በበኩላቸው በአውሮፕላን ሲመጡ እግራቸው አብጦ ስለነበር፣ «ወደ አገሬ ስመለስ ካልሆነ በቀር ሁለተኛ ሰማይ ላይ አልወጣም» ብለው ማሉ። እናቴ ከማሉ ማሉ ነው። እንግዲህ ተኝተው የሚሄዱበት መኪና ከመግዛት በቀር ምን ምርጫ ነበረን?

ወደ ላስ ቬጋስ የሚወስደው መንገድ ከዴንቨር እንደወጡ ዳገት ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ ይገኛል። በሰኔ ወር መኪናውን ልንሞክር ወደዚያው አመራን። ገና ዳገቱን ሳንጋመስ ካምቢዮው ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከኋላ በርግጫ የተመታን ያህል ያንገጫግጨን ጀመር። የኦቨርድራይቩ፣ ማለት የከፍተኛው ማርሽ መብራት፣ ብልጭ ድርግም ይላል። የፊት መብራታችንም ፈዘዘ። ሳህኑና ድስቱ ከመደርደሪያው ወርዶ ተንኮታኮተ። ልጆቹን ዝም አሰኝተን እየተንፏቀቅን ተመለስን።

በማግሥቱ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ሰውየው መኪናውን ሰፈሩን አንድ ጊዜ አዞረውና ካምቢዮው አልቆለታል፣ ወርዶና ተፈትቶ እንደገና መሠራት አለበት፣ ዋጋውም 3,800 ዶላር ነው አለን። እኔ፣ «የካምቢዮውን ዘይት አይተኸዋል? መብራቱስ ለምን ፈዘዘ?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን የሰጠው ለባለቤቴ ነው! እኔ የጠየቅሁትን እርሱን እያየ መለሰ፤ ያውም መልስ ከተባለ።

ገንዘቡ አልነበረንም እንዳልል ነበረን። ለታላቋ ልጃችን የመጀመሪያ ዓመት ኮሌጅ ያስቀመጥነው ነበር፤ ልክ የዚያኑ ያህል። ባለቤቴ ለእናቴ ቃል ስለገባ አፍሮ፣ «እንክፈልና ይሠራ፤ ለልጅቷ እበደራለሁ» አለ። እኔ እንቢ አልኩ። በዚያች ሌሊት የተነጋገርነውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ትዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ነገሩ ከካምቢዮ ተነሥቶ የት የት እንደሚደርስ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። «ምን ልታደርጊ?» አለኝ። ምን እንደማደርግ እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። አባቴ ደሴ ላይ አሮጌ ፊያት ታክሲ ነበረው። ሲጠግን ወንድሞቼ ቁልፍ ያቀብሉታል፤ የእኔ ሥራ ባትሪ መብራት መያዝ ነበር። መብራት የሚይዝ ሰው ደግሞ ሁሉን ያያል። አባቴ መኪናው ባስቸገረው ቁጥር ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት የባትሪውን ጫፎች ፈትቶ፣ ያን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በፈላ ውሃ ያጥብ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ዘይቱን ነው። እህቶቼ፣ ይህን ማንም ሰው ያለ መካኒክ ሊያየው ይችላል። በዚህ ዓይነቱ ፎርድ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ማርሹ በመቆሚያው ላይ ተደርጎ፣ ሞተሩም ሳይጠፋ የካምቢዮው መለኪያ ዘንግ ይሳብና በነጭ ሶፍት ይጠረጋል። የእኛ ዘይት ቀይና ንጹሕ ነበር፤ ሽታም አልነበረውም። ውስጡ የተቃጠለ ካምቢዮ ዘይቱ ይጠቁራል፣ እንዳረረ ወጥም ይሸታል። ያረረ ወጥ ሽታ ደግሞ ለእኔ ማን ያስተምረኛል?

ከዚያ በማታ ማታ ስለ ካምቢዮው አነበብኩ። የዱሮ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ብቻ ነበር። የእኛው ግን ፎርድ ከ1989 ጀምሮ ያወጣው ዓይነት ነው፤ ኮምፒዩተር በኤሌክትሪክ ነው የሚያዘው። የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ከተዛባ ትእዛዙም ይዛባል። በተለይ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ኤሌክትሪክ ሲያጣ የዘይቱ ግፊት እስከ መጨረሻው ከፍ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ማርሹ ሲገባ ይመታል። ይህን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። የእኛ ካምቢዮ ይመታል እንጂ አይንሸራተትም ነበር!

በ25 ዶላር ቴስተር ገዛሁ። ደኅና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። የእኛ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱና ማሞቂያው ተከፍቶ 12.2 ነበር። ባለቤቴ፣ «በቃ ዲናሞው ነው» አለ፤ እኔም አምኜው አዲስ ዲናሞ ልገዛ ቦርሳዬን አነሣሁ። ደግነቱ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። በማግሥቱ ቴስተሩን በራሱ በዲናሞው ላይ ባደርገው 14.4 አነበበ። ዲናሞው የሚያመርተውን እያመረተ ነው፤ ታዲያ በመካከሉ ሁለት ቮልት የሚበላው ማን ነው?

መብላቱን እንዲህ አገኘሁት። የቴስተሩን አንድ መርፌ በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አደረግሁ። ሁለቱ በወፍራም ገመድ የተያያዙ ስለሆኑ ንባቡ ዜሮ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም ነበር። 1.7 ቮልት አለ። ደግሜ፣ ሠልሼ አየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን ሞተሩን አጠፋን። የቤቱን የ120 ቮልት መስመር ነቀልን፤ ይህን እንዳትረሱ፣ ባለ 12 ቮልቱ ባይገድል ያኛው ይገድላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድሜ ፈታሁና ከሥር ገባሁ። ባለቤቴ መብራት ያዘልኝ። ገመዱ በሞተሩ ላይ የታሰረበት ብሎን በጥቁር ቅባት ተሸፍኗል። ስጠርገው አረንጓዴ ዱቄት ወጣ። ገመዱን ሳወዛውዘው ከላስቲኩ ውስጥ የመዳብ ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጥሰው፣ ተይዞ የነበረው በጥቂቶች ብቻ ነበር። ባለቤቴ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ምንም አልተናገረም። ሄዶ በ31 ዶላር አዲስ ገመድና የሽቦ ብሩሽ ገዝቶ መጣ።

አዲሱ ከታሰረ በኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ተወ፤ ማርሹም ቅቤ ሆነ። የቤቱ አምፖሎች ሞተሩ እየሠራም እየፈዘዙ ጥቂት ቀን አስቸግረውን ነበር። ሞተርሆም ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው፣ አንዱ ለሞተሩ፣ ሌላው ለቤቱ፤ ሁለቱን የምታገናኝ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተበላሽታ ኖሮ ተለወጠች።

ይሁን እንጂ ካምቢዮ ሁሉ በገመድ ይድናል ብዬ እንዳላሳስታችሁ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይስብ ከሆነና ዘይቱም ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ሕመሙ ከውስጥ ነውና መክፈል ግድ ነው። ደግሞም ከ1996 በፊት የተሠሩ መኪናዎች የዛሬውን መመርመሪያ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም፤ ስለዚህ የዱሮውን የሚያውቅ መካኒክ ይፈለግላቸዋል። እኛም በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አግኝተን፣ ዳገት ላይ ኦቨርድራይቩን እንድናጠፋ፣ ቁልቁለት ላይም ፍሬን ሳንደገፍ በዝቅተኛ ማርሽ እንድንወርድ መክረውናል።

በሐምሌ ተነሣን። ዋሻው ውስጥ ስንገባ እናቴ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «ይኼ ጣርማ በር ነው?» አሉ። አይደለም፣ ይኼኛው ይረዝማል አልኳቸው። «ቢረዝምስ፣ ብርዱ ያው ነው» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። በሦስተኛው ቀን ማታ እህቴ ደጃፍ ደረስን። እርሷ በዚያን ቀን ታጥባ ስለነበር ደክሟት መነሣት አልቻለችም፤ እናቴ ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኛ ዕቃ እናወርዳለን ብለን ውጭ ቆየን።

ልጄ በነሐሴ ኮሌጅ ገባች። ቴስተሩ አሁን በማድ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ከቢላዋዎቹ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጎረቤቶቼም እየተዋሱት ነው። የሞተርሆሙ የውሃ ፓምፕ ግን እስከ ዛሬ አልሠራም። ፊውዙን ለውጬ፣ ገመዱንም ለክቼ ኤሌክትሪኩ እንደሚደርሰው አረጋግጫለሁ፤ ስለዚህ የቀረው ፓምፑ ራሱ ነው። እስከዚያው እንደ አገራችን በጀሪካን እየቀዳን እንታጠባለን።